በሸበጥ የሚፈርመው ሰይድ

መቼ እንደነበረ በትክክል አላስታውስም። ዓመቱን ብትጠይቁኝ እሳሳታለሁ፤ ወሩንም እንዲሁ። ብቻ አዋሽ ላይ ሙቀቱ ገና ሳይበረታ፣ ልጄ ደጅ ላይ በርበሬ የምታሰጣበት ሰሞን ነበር። ስልኬ ጮኸ። ዓይኔ ስለደከመ ማን እንደደወለ ሳላይ ነው የማነሣው።

«ጋሽ ተሰማ፣ ከዲጃ ነኝ። ሰይድ ወደ አኼራ ሄደ።»

«መቼ?»

«ዛሬ ጧት። ዙህር ሰግደው ቀበሩት።»

ከዲጃ የሰይድ ሚስት ናት። የደወለችልኝ ሰዉ ከቀብር ሲመለስ ነው። እነሱ ዘንድ ሬሳ አይቆይም፤ ከአዋሽ ሰመራ ደግሞ አውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፤ ብትነግረኝም አልደርስም ነበር። «አላህ ያጽናሽ» አልኳት። እሷ አታለቅስም። ሌላ ነገር ነበር የያዛት።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አለችኝ። «ቀብሩ ላይ ‹ለሰይድ አውፍ በሉት› ሲባል ሰዉ ሁሉ ‹አውፍ ብለናል› አለ። ሐጂ ሁመድ ብቻ ዝም አሉ። የሰይድ ወንድም አጠገባቸው ቆሞ ነበር፤ እሱ ነው የነገረኝ። ባሌ ሲጠብቅ የኖረው የእሳቸውን አፍ እንደነበር አንተ ታውቃለህ። ሳይሰማ ተቀበረ።»

አውፍ ማለት ይቅርታ ነው። የወሎ ሙስሊም ሲቀበር ዘመዶቹ ቀባሪውን ይህን ይለምኑለታል፤ ሟቹ የሰው ቂም ተሸክሞ እንዳይሄድ ነው። ሐጂ ሁመድ ለምን ዝም እንዳሉ፣ ሰይድስ ከእሳቸው ምን ይጠብቅ እንደነበር እንዲገባችሁ ሰውየውን ማወቅ አለባችሁ። ቀስ ብዬ ልንገራችሁ።

እኔ የባቡር ሰው ነኝ። ፊደል ቆጥሬ አራተኛ ክፍል ደረስኩና አዋሽ ላይ ሐዲድ ጠጋኝ ሆኜ ተቀጠርኩ። የድሮው ባቡር ሲቆም እኔም ቆምኩ። በኋላ ዘመድ ፈልጎልኝ ሰመራ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት በር ጠባቂ ሆንኩ። ከበሩ ፊት ለፊት የሰይድ ምግብ ቤት ነበር። ሰይድ የባቲ ሰው ነው፤ እሱ ፍየል አርዶ ይጠብሳል፣ ከዲጃ ሩዝና ሻይ ታቀርባለች። እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ ሥጋውን አልቀምስም። እሱም አንድ ቀን ብላ ብሎኝ አያውቅም። ከዲጃ ለእኔ ብቻ ሽሮ የምትሠራበት ድስት ነበራት፤ ጆሮው ላይ ቀይ ክር አስራበታለች። ሌላ ሰው ከነካው ትጮኻለች። «የጋሽ ተሰማን ድስት ለሥጋ ያዋለው ማነው? ሰውየውን ልታስገድፉት ነው እንዴ!»

ሰይድ ረጅምና ቀጭን ነበር። ወጣት ሳለ ከአይሱዙ ላይ ወድቆ ግራ እግሩ ተጎድቷል፤ ሲራመድ ግራው ወደኋላ ይቀራል። ስለዚህ የግራ ሸበጡ ተረከዝ በውጭ በኩል እየተበላ ያልቃል፤ ቀኙ ደህና ሆኖ ሳለ ሁለቱም ይጣላሉ። «የሚያሳዝነኝ ቀኙ ነው» ይል ነበር፤ «በጎረቤቱ ጥፋት ነው የሚጣለው።»

ሲያወራ ቢላውን ያስቀምጣል። ቢላ ይዞ ለሰው መናገር ነውር ነው ይላል። ገበያ በበዛበት ሰዓት ነገር ካማረው ቢላውን ቁጭ አድርጎ ይጀምራል፤ ጥብስ የጠበቀው ሁሉ ይንጫጫል፤ ከዲጃ ከጓዳ «ሰዉ ተራበ፣ አንተ ወሬ ጠገብክ!» ትላለች።

ጨዋታውን ያመጣችው ኢንጂነር ሄለን የምትባል የመንገድ ሥራ ልጅ ናት። ምሳ የምትበላው እዚያው ነበር። አንድ ቀን ስልኳን እያየች «እዚህ አጠገብ የተደበቀ ነገር አለ» አለች። የጨዋታው ስም ጂኦካሺንግ ነው አለችን፤ እኔ አስተካክዬ ማለት እስከ ዛሬ አልሆነልኝም። እኛ «ድብብቆሹ» ነበር የምንለው። በዓለም ዙሪያ ሰዎች ትንሽ ዕቃ ይደብቃሉ፤ ቦታውን ስልክ ላይ ያስቀምጣሉ፤ የማያውቃቸው ሰው ስልኩን እየተከተለ ይፈልጋል። ሲያገኝ ስሙን ጽፎ መልሶ ይደብቃል። ይኸው ነው።

«ከዚያስ?» አላት ሰይድ።

«ከዚያማ ሌላ ይፈልጋል።»

«ሥራ የፈታ ሰው ጨዋታ ነዋ!»

እንዲህ አለ እንጂ ቢላውን ያስቀመጠ እሱ ነው። ሦስታችን ሄድን። ከመንገዱ በታች፣ ውሃ በሚያልፍበት ቱቦ አፍ፣ ከግንቡ ስንጥቅ ውስጥ የምሳ ዕቃ የመሰለ ፕላስቲክ ወጣ። ውስጡ ስም የተጻፈበት ወረቀት፣ የውጭ አገር ሳንቲም፣ አንድ ቁልፍ፣ ደግሞ ከእንጨት የተቀረጸች የጣት ጫፍ የምታህል ወፍ ነበረች።

«ይቺን ወፍ የቀረጸው ሰው» አለች ሄለን፣ «በሄደበት ሁሉ ይቺኑ ነው የሚተወው። ወፏን ያየ እሱ መሆኑን ያውቃል። ፊርማው ናት። ከፈለግክ ውሰዳት፣ አንተም የራስህን ትተውለታለህ።»

«ሰውየውን ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም።»

«ማን እንደሚወስዳት ሳያውቅ ነው እንዲህ አሳምሮ የቀረጻት?» ወፏን መዳፉ ላይ አድርጎ ብዙ አያት። «እንግዳ መቀበል እንዲህ ነው እንጂ! እኛ ሰውየው ከመጣ በኋላ ነው ሻይ የምንጥደው።»

ባዶ እጁን ሊወስዳት አልሆነለትም። ኪሱን ፈተሸ፤ ምንም የለም። በመጨረሻ የሸሚዙን ቁልፍ በጥርሱ በጥሶ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠ። ከዲጃ ያንን ሸሚዝ አይታ ምን እንዳለችው አልነግራችሁም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የራሱን ፊርማ ይፈልግ ገባ። ሥጋ ቤት ቀንድ አይጠፋም። የፍየሉ ቀጭን ነው ብሎ ሥጋ ሻጮች ከሚጥሉት የበሬ ቀንድ እየለመነ ያመጣል። ቀንድ ሥራው ብዙ ነው። ውስጡ ያለው አጥንት እስኪለቅ በፈላ ውሃ ይቀቀላል። ሽታው አያድርስ ነው። ደንበኛ አፍንጫውን ይዞ ይወጣል።

«ሰይድ፣ ዛሬ ምንድን ነው የቀቀልከው?» ይሉታል የባጃጅ ልጆች።

«ለእናንተ አይደለም፣ ለማላውቀው ሰው ነው!»

«እንኳን አላወቅከው!»

ከተቀቀለ በኋላ በመጋዝ ይሰነጠቃል፤ ፍም ላይ ሞቅ ብሎ ሲለሰልስ በሁለት ብረት መሃል ተጨፍልቆ ይቀዘቅዛል። ያኔ እንደ ጣውላ ዝርግ ይሆናል። ብረቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ የድሮ ሐዲድ ማያያዣ ነበር። ሞረዱም የእኔ ነው። እሱ ይቆርጣል፣ እኔ በሞረድ አለሰልሳለሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሻለሁ፣ በመጨረሻ አመድና ዘይት በጨርቅ ይዤ እወለውለዋለሁ። የበር ጥበቃ ሥራ እጅ አይፈልግም፤ እጄ ሥራ በማግኘቱ ደስ ብሎኝ ነበር።

መጀመሪያ ወፍ ሞከረ፤ ዶሮ መሰለ። ግመል ሞከረ፤ ከዲጃ «ወንበር ነው?» አለችው። ሦስት ቀን አኩርፎ ሰነበተ። ከዚያ አንድ ቀን ሸበጥ ይዞልኝ መጣ። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣ የግራ እግር ሸበጥ። ማሰሪያዋ ከአሮጌ ኤሌክትሪክ ገመድ የተመዘዘ ቀጭን ሽቦ ነው። ተረከዟ በውጭ በኩል እንደ ራሱ ጫማ ተበልቷል።

«ስሜን ብጽፍበት የውጭ አገር ሰው እንዴት ያነበዋል?» አለኝ። «እግርን ግን ሁሉም ያነባል። ይቺ እኔ ነኝ።»

«ቀኙስ?»

«ቀኙ ደህና ነው፣ ምን ያደርግለታል።»

ከዚያ በኋላ የሠራነውን አልቆጠርኩትም። ሄለን ሚሌም ጭፍራም ስትወጣ ሸበጥ ይዛ ትሄዳለች፤ የተደበቀ ባገኘች ቁጥር አንድ ትተዋለች። አንዳንዴ ስልኳን ታሳየናለች፤ የሆነ ሰው በሆነ አገር የሰይድን ሸበጥ መዳፉ ላይ አድርጎ ፎቶ አንሥቷል። ሰይድ ስልኩን ይዞ ለደንበኛ ሁሉ ያዞራል። «እኔ ባቲ እንኳ ከሄድኩ ስንት ዘመኔ ነው፤ እግሬ ግን ይኸው!»

ይህን ጊዜ የራሱን ሳጥን መደበቅ አማረው። ቦታ ፍለጋ በባጃጅ ወጣን። ከሰመራ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ከኮረብታው ሥር የድንጋይ ክምር አለ። ወደድነው። ደረቅ ነው፣ ፍየል አይወጣበትም፣ እረኛም አይቀመጥበትም። «ማንም የማይነካው ቦታ!» አለ ሰይድ። ማንም የማይነካው ለምን እንደሆነ ሁለታችንም አልጠየቅንም። እኔ የባቡር ሰው ነኝ፤ የተከመረ ድንጋይ ሳይ የመንገድ ሠራተኛ ትርፍ ይመስለኛል። እንዲያውም «ከአስፋልቱ ሥራ የተረፈ ነው» ያልኩት እኔ ነበርኩ። ሰመራ ስንኖር ከተማውን እንጂ መሬቱን አናውቀውም ነበር። ድንጋይ አነሣን፣ ሳጥኑን ሸበጥ ሞልተን አስቀመጥን፣ ሄለን ስልኳ ላይ መዘገበችው።

ሰው መጣ። የውጭ ሰዎች መጡ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጡ። ሰይድ ጁምዓ ከሰገደ በኋላ እየሄደ ሳጥኑን ያያል፣ ሸበጥ ይሞላል። ደስታው ሌላ ነበር።

አንድ ከሰዓት ሐጂ ሁመድ መጡ። አላወቅናቸውም። ሸምገል ያሉ አፋር ናቸው፤ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ በትራቸውን በትከሻቸው ያጋደሙ። ተቀመጡ። ከዲጃ ሻይ አመጣችላቸው። አልነኩትም። ዙሪያውን አዩ፤ ፊት አልነበረም የሚያዩት፣ እግር ነበር። ከዚያ ሰይድን ጠርተው ዳጉ ጀመሩ። አፋር ከሰው ሲገናኝ ዜና ሳይለዋወጥ አያልፍም፤ ዳጉ የሚሉት እሱን ነው። ከየት እንደተነሡ፣ ዝናቡ የት እንደጣለ፣ ሣሩ እንዴት እንደሆነ፣ ማን እንደታመመ። ሰሚው አያቋርጥም። ሰይድም ቢላውን አስቀምጦ ሰማ።

«ከሚሌ መንገድ ገባ ብሎ ድንጋይ አለ» አሉ በመጨረሻ። «ድንጋዩ የወንድሜ የዳውድ ነው። ዳውድ ሲሞት እኛ ነን የካብነው። ልይ ብዬ መጣሁ፤ ድንጋዩ ተነሥቷል። ሥሩ ዕቃ አለ። ዕቃው ውስጥ ይህ ነበር።» ሸበጧን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «መሬቱን አየሁ። የሚሄድ የሚመጣ ብዙ እግር አለ። አንዱ ግራው ይጎተታል፣ ተረከዙ ወደ ውጭ ያልቃል። ይህችም እንደዚያው ናት። ከተማ መጥቼ ጠየቅኩ። ይህ እግር ያንተ ነው?»

አይደለም ማለት ይቻል ነበር። ሰመራ ውስጥ ሸበጥ የማያደርግ ማን አለ? ሰይድ ግን ግራ እግሩን ከጠረጴዛው ሥር ስቦ አወጣና አሳያቸው።

«የኔ ነው፣ ሐጂ።»

«ወንድሜ ላይ ቆመሃል።»

«አላወቅኩም።»

«አላወቅክም። ግን ቆመሃል።»

ሰይድ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ያዘ። «አውፍ ይበሉኝ።»

ሐጂ ሁመድ ተነሡ። «ድንጋዩን እኛ እንመልሳለን። ድንጋይ ቀላል ነው። የሚመጣውን ሰው ግን አንተ መልስ» ብለው ወጡ። ሻዩ እንደተቀዳ ቀረ።

ሄለን ያን ጊዜ ወደ ሌላ ሥራ ተዛውራ ነበር። ስንደውልላት አለቀሰች፤ ወዲያው ከስልኩ ሰረዘችው። ነገር ግን ከስልክ የተሰረዘ ከሰው አፍ አይሰረዝም። ተማሪው ለተማሪ ነግሯል፣ አስጎብኚው ለእንግዳ ነግሯል፤ ሰው መምጣቱን አላቆመም። ስለዚህ ሰይድ ራሱ ሄዶ ተቀመጠ። ከምሳ ገበያ በኋላ ቢላውን ለከዲጃ አስረክቦ በባጃጅ ይወጣል፤ ከድንጋዩ ፈንጠር ብሎ አራት እንጨት ተክሎ ጆንያ ወጥሮ ጥላ ሠራ። እስኪመሽ እዚያ ነው። የሚመጣውን ሰው እያነከሰ ሮጦ ይቀድመዋል። «ወዲህ ኑ፣ ወዲህ! ድንጋዩን አትንኩ፣ ሰው ነው!»

ሲሰነብት ሐጂ ሁመድ መጥተው አዩት። አጠገቡ ተቀመጡ። በሌላ ቀን ደግሞ መጡ። ከዚያ «ለሰዉ ምን ትላቸዋለህ?» ብለው ጠየቁት።

«ሰው ነው፣ አትንኩ እላለሁ።»

«የቱ ሰው?»

ሰይድ ከስሙ ሌላ የሚያውቀው አልነበረም። ሐጂ ሁመድ የወንድማቸውን ነገር ያስተምሩት ጀመር። ዳውድ የት እንደተወለደ፣ ግመል ሲያልብ እንዴት እንደሚያንጎራጉር፣ ድምፁ ምን ያህል መጥፎ እንደነበር፣ በአንዲት ግመል የተነሣ ሁለቱ ወንድማማቾች አንድ ክረምት እንደተኳረፉ፣ ወባ ይዞት እንዴት እንደሞተ። እኔም በእረፍቴ ቀን እየሄድኩ እሰማ ነበር፤ አንዱን ቀን ልንገራችሁ። ሰይድ ይተርካል፤ ሐጂ ሁመድ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ።

«... ከዚያ ዳውድ ነጯን ግመል ይዞ...»

«ነጭ አልነበረችም።»

«ይቅርታ፣ ቀይዋን ግመል ይዞ...»

«ከመጀመሪያው ጀምር።»

«ሐጂ፣ ግመሏ ጋ ደርሻለሁ እኮ!»

«ዳጉ ከመሃል አይነሣም። ከመጀመሪያው።»

ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሲጨርስ ሐጂ ሁመድ ይስቃሉ፤ ፊታቸው ላይ ጥርስ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

ድንጋዩን የሚፈልግ ሰው ሲመጣ ሰይድ አስቀምጦ የዳውድን ነገር ይነግረዋል፤ ሲጨርስ ከኪሱ ሸበጥ አውጥቶ መዳፉ ላይ ያኖርለታል። ሳጥን ቀረ፣ ድንጋይ መንካት ቀረ። ቀንዱንም እዚያው ጥላው ሥር ነበር የሚሠራው። አንዲት ተማሪ «አባባ፣ ሳጥኑ እርስዎ ነዎት ማለት ነው?» አለችው። «እኔ ነኝ ልጄ፣ ክፈቺኝ» አላት። ለአንድ ሳምንት ሲስቅበት ሰነበተ።

ማታ ሲመለስ ግን እኔ በምጠብቀው በር በኩል ያልፋል። ጨዋታችን ሁልጊዜ አንድ ነው።

«ሐጂ መጡ?»

«መጡ።»

«ሻይ ጠጡ?»

«ጠጡ። የግመል ወተትም አምጥተውልኝ ነበር።»

«ታዲያ?»

«አውፍ አላሉኝም።»

«ጠይቃቸው እንጂ!»

«አንዴ ጠይቄያለሁ፣ ጋሼ። አውፍ ሁለቴ ሲጠየቅ ማስገደድ ይሆናል። በግድ የተባለ አውፍ ምን ይሠራልኛል?»

አንድ ቀን «ወተት ሲሰጡህ ነገሩ ያለቀ አይመስልህም?» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። «ወተት ለማንም ይሰጣል። እኔ የምፈልገው ቃሉን ነው። ሞቼ እዚያ ስንገናኝ ዳውድ ‹ወንድሜ ምን አለህ?› ቢለኝ ምን እመልሳለሁ?» ይህን ሲል አልሳቀም።

ዓይኔ እየደከመ ሲመጣ ሥራ ለቅቄ ልጄ ጋ አዋሽ ገባሁ። ሰይድ በስልክ ያጫውተኛል። ኋላ ላይ ሳል ያቋርጠው ጀመር። ደረቴን ይዞኛል፣ አቧራ ነው ይላል። በመጨረሻ በደወለልኝ ጊዜም ጠይቄዋለሁ፤ «አላሉም» አለኝ። ከዚያ ከዲጃ ደወለች።

በሦስተኛው ቀን ሰመራ ገባሁ። ከዲጃ ነጠላዋን አጣፍታ ለቀስተኛ መሃል ተቀምጣለች። ስታየኝ «የሱ ነገር አይደለም የሚያንገበግበኝ፤ አላህ ወሰደው። የሐጂ ዝምታ ነው» አለችኝ። «ቂም ከነበራቸው ምነው በቁሙ አይነግሩትም? ምነው ያን ሁሉ ፀሐይ አብረውት ተቀመጡ?»

በማግስቱ በባጃጅ ወጣሁ። ከጆንያው ጥላ ሥር ሰው አየሁ። ሐጂ ሁመድ ነበሩ፤ በሰይድ ቦታ ተቀምጠዋል።

«ሰው ይመጣል» አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው።

የመጣሁበትን ወዲያው ማውጣት አልቻልኩም። ነውር ነው። ከአዋሽ መነሣቴን ነገርኳቸው፤ ወንዙ እንዴት እንደሆነ፣ የልጄን ጤና፣ መንገድ ላይ ተገልብጦ ያየሁትን መኪና። አላቋረጡኝም። ነገሬ ሲያልቅ ያን ጊዜ ጠየቅኳቸው።

«ቀብሩ ላይ ሁሉም አውፍ ሲል እርስዎ ዝም አሉ ይባላል።»

«ዝም ብያለሁ።»

«ለምን?»

«ያልተቀየመ ሰው ምን ይላል?» አሉኝ። «ያኔ እግሩን አውጥቶ ‹የኔ ነው› ሲል ተናድጄ ነበር፤ ቤቴ ሳልደርስ አለቀ። ቂም ካለኝ ሰው ጋር ዳጉ እቀመጣለሁ? ወንድሜን እኮ ሰጠሁት። የዳውድን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አፉ ውስጥ አስቀመጥኩ። እኛ ይህን ለጠላት አንሰጥም። ቀብሩ ላይ ሁሉም እንደሚለው ብል ሰይድ እንደማንኛውም ሰው ሊሆንብኝ ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

«እሱ ግን ቃሉን ይጠብቅ ነበር፣ ሐጂ።»

«የቱን ቃል?»

«አውፍ ብዬሃለሁ የሚለውን። ማታ ማታ ይነግረኝ ነበር። ‹ዛሬም አላሉኝም› እያለ።»

በትራቸውን ከትከሻቸው አውርደው መሬት ላይ አስቀመጡ።

«ማታ ማታ?»

«ማታ ማታ።»

«አንተ ትሰማ ነበር?»

«እሰማ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

በሁለት ሰዎች መሃል ያለ ነገር ነው ብዬ ነበር። የአፋርን ነገር ምን አውቃለሁ ብዬ ነበር። ከእሳቸው ጋር እዚህችው ጥላ ሥር ስንት ጊዜ ተቀምጫለሁ፤ አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃ ነበር። ለመናገር እፈራለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ በር ላይ ቆሜ ሰው ሲገባና ሲወጣ ማየት ነው የለመድኩት።

ሐጂ ሁመድ ተነሡ። «ሚስቱ ጋ ውሰደኝ» አሉ።

ባጃጁ ውስጥ በትራቸው አልገባ ብሎ በጎን አወጡት። ቤት ስንደርስ ለቀስተኛው ቦታ ለቀቀላቸው። ከዲጃ ቀና ብላ አላየቻቸውም። ተቀመጡና ዳጉ ጀመሩ። ሸበጧን ካገኙበት ቀን ተነሡ። ሻዩን እንዳልጠጡት ተናገሩ፤ ሰይድ እየሮጠ ሰው ሲመልስ ከሩቅ ቆመው እንዳዩት፤ ግመሏን ነጭ እያለ እንዳስቸገራቸው፤ አንድ ቀን ሳሉ ሲጠናበት እንዲያርፍ ቢለምኑት «እንግዳ ይመጣል» ብሎ እምቢ እንዳላቸው። ቀብሩ ላይ ለምን ዝም እንዳሉ። አንድ ነገር አላስቀሩም። ሰዉ ሁሉ ይሰማል። ሲጨርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ባልሽን አውፍ ያልኩት ገና በመጀመሪያው ቀን ነው። ቃሉን ግን በሆዴ ያዝኩት። ያውቃል ብዬ ነው፤ አያውቅም ነበር። አሁን ለእሱ ማድረስ አልችልም። አንቺ አውፍ በይኝ።»

«ብያለሁ» አለች ከዲጃ። ለቅጽበት እንኳ አላቆየቻቸውም። «ብያለሁ፣ ሐጂ። አላህም ይበልዎ። እሱም ይበልዎ።» ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው።

እኔ ጓዳ ገባሁ። ለሰደቃው ሴቶቹ ምግብ እያሰናዱ ነበር። ቆይታ ከዲጃም ዓይኗን እየጠረገች ገባች። አላስችል ብሎኝ «እኔስ ከዲጃ? ያን ሁሉ ጊዜ እየሰማሁ ለሐጂ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። እኔንም አውፍ በይኝ» አልኳት።

«ኧረ ወዲያ ተወኝ፣ ጋሽ ተሰማ! ሁላችሁም በወረፋ ልትመጡብኝ ነው?» አለችኝ። «ብዬሃለሁ። አሁን ተቀመጥና ሽንኩርት ላጥ።»

ተቀምጬ ላጥኩ። ዓይኔ ሲያነባ ለምን እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሽንኩርቱን ስጨርስ ነጭ ሽንኩርት ሰጠችኝ፤ እሱን ስጨርስ ሩዝ እንድለቅም አዘዘችኝ፤ «ዓይኔ አያይም» ብላት «በእጅህ ልቀም፣ ድንጋይ በእጅ ይታወቃል» አለችኝ። ባሏን የቀበረች እሷ ናት፤ እኔ ግን እንደ ሕፃን በሥራ የምታባብለኝ ሆኜ ሰነበትኩ። ስሄድ አውቶቡስ ተራ ድረስ መጥታ ቦታ አስያዘችልኝ። «ስትደርስ ደውል። እሱ ሲደርስ የማይደውል ሰው ነበር፤ ሲያበግነኝ የኖረ፤ አንተ እንኳ ደውል።»

ደወልኩ። አሁንም ሌሊት ላይ ያ ያልተነገረ ቃል ትዝ እያለኝ ስገላበጥ፣ ሲነጋ የምደውለው ለእሷ ነው። ትሰማኛለች፤ ከዚያ ትቆጣኛለች፤ ከዚያ ቁርስ በልተህ እንደሆን ንገረኝ ትለኛለች። ሰይድን አልረሳውም፤ ከሰይድ በኋላ ያለውን ጊዜ ያሻገረችኝ ግን ከዲጃ አራጋው ናት።